የማእዘኑ ቋጠሮ

ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1993

ለተከበሩ አጎቴ ለቡበከር፤ ከርከና ደሴት

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አክስቴ ሩቂያስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። የመድን ድርጅቱ የሰዎችን ዕድሜ፣ የመርከቦችን መስጠምና የመጋዘኖችን መቃጠል አስቀድሜ እንዳሰላ ይከፍለኛል፤ እኔም አሰላለሁ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንድ ጉዳይ ነው። የምኖርበትን ቤት ለመልቀቅ ተገድጃለሁ፤ አዲሱ አከራይ ደግሞ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃል። ከሟች አባቴ በወረስኩት የባሕር ርስት ከዘንድሮው ዓሣ የሚደርሰኝን ድርሻ፣ ምርቱ ገና ሳይወጣ ቢልኩልኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል። ጥያቄው ያልተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። አይደገምም።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ልጅዎ ሙንዚር


ከርከና፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1993

ለወንድሜ ልጅ ለሙንዚር

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አላህ ቀኝ ያውልህ፤ ከክፉ ዓይንና ከክፉ ጎረቤት ይሰውርህ። የጠየቅኸውን በፖስታ ቤት በኩል ልኬአለሁ።

ሸርፊያችንን፣ የዓሣ ማጥመጃ አጥራችንን፣ ተክለን ጨረስን። የዘንባባውን ዝንጣፊ ሁለት ጀልባ ሙሉ አመጣን፤ አጥሩም ከዳርቻው እስከ ጥልቁ ውኃ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጎረቤታችን ዓማር እንደ ደንቡ ሊያግዘን መጥቶ ነበር፤ ምላሱን ግን እቤት ትቶት አልመጣም።

«ቡበከር፣ ይህን አጥር የተከልከው ዓሣ እንዲገባበት ነው ወይስ እንዲስቅበት?» አለኝ።

«አንተ እንድትቀናበት ነው» አልኩት።

«የወንድምህ ልጅ የሰውን የሞት ቀን ያሰላል አሉ። እስቲ የእኔን ጠይቅልኝ።»

«ሞት አንተ ዘንድ የዘገየው ምላስህን ፈርቶ ነው፤ ስሌት አያስፈልገውም» አልኩት። ሩቂያ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች።

ዓሣ ሞኝ ነው፤ ልጅ ሳለህ አሳይቼሃለሁ። ግድግዳ ሲገጥመው ወደ መጣበት አይመለስም። ወደ ጥልቁ ይዞራል፤ ማምለጫው እዚያ ያለ ይመስለዋል። እኛም የማጥመጃውን ክፍል የምንሠራው እዚያ ነው።

ወደ አዲሱ ቤትህ በበረካ ግባ።

አጎትህ ቡበከር


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ኖቬምበር 29 ቀን 1993

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ገንዘቡ ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ምስጋናዬን ሳልጽፍ ይህን ያህል መቆየቴ ተገቢ አልነበረም።

ሐኪሞች በኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አግኝተዋል። ለሕይወት አያሰጋም፤ ነገር ግን ሕክምናው ሊዘገይ አይገባውም ብለዋል። ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ጥቂት ነገር ካለ በብድር መልክ ቢረዱኝ እላለሁ። ሰው ሰምቶ እንዳይጨነቅ ጉዳዩ በእርስዎና በእኔ መካከል ቢቀር እመርጣለሁ።

ልጅዎ ሙንዚር


ከርከና፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1993

ለወንድሜ ልጅ

አላህ ይማርህ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ለዘንባባው ወጣ። ደብዳቤህን ሳነብ ግን ሩቂያ ከኋላዬ ነበረች። አምባሯን ከእጇ አወለቀችና «ለልጁ» አለች። ስፋክስ ተሻግሬ ሸጥኩት። እነሆ ልኬልሃለሁ።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች፤ ኩላሊቱ የቀኙ ነው የግራው? በዱዓዋ ለይታ መጥራት ትፈልጋለች። «አላህ የሚያውቀውን ለምን ትነግሪዋለሽ?» ብላት፣ «እንዳይሳሳት» አለችኝ።

የደረቀ ዓሣም ልከንልሃል፤ ሐኪሞቹ ከፈቀዱ ብላ። ደብዳቤዎችህ ሁለቱም የተጻፉት ሰኞ ነው። ሰኞ የምታርፍበት ቀን ነው?

አጎትህ


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ማርች 7 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ

ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ።

ለሦስት ወር ያህል ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ስለጠየቁኝ፣ የግራው ነው።

ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ ከመረመርኩ በኋላ በባሕሩ ርስት ያለኝን ድርሻ፣ ማለትም የሰሜን ምሥራቁን ማእዘን፣ ለመሸጥ ወስኛለሁ። ዓማር ለዓመታት ሲፈልገው መኖሩን አውቃለሁ። እርስዎ በእኔ ስም እንዲሸጡ የሚያስችል የውክልና ሰነድ፣ በሁለት ማኅተም የተረጋገጠ፣ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ምክንያቱን በዝርዝር ለመግለጥ አልችልም። በተቻለ ፍጥነት ቢፈጸም መልካም ነው።

ሙንዚር


ከርከና፣ ማርች 30 ቀን 1994

ለወንድሜ ልጅ

እንኳን ለዒድ አደረሰህ። ደብዳቤህን የጻፍከው በረመዳን ነው፤ ስለ ጾም ግን አንድ ቃል የለበትም።

ወረቀትህ ደረሰ። ማኅተሙ ያምራል። ባሕሩ ግን ማንበብ አይችልም። ትምህርት ብዙ ነገር አስረስቶሃል መሰለኝ፤ እዚህ ቤት በወረቀት ይሸጣል፣ ወይራ በወረቀት ይሸጣል፣ የባሕር ርስት ግን በወረቀት ተሸጦ አያውቅም። ሻጩ ራሱ ወደ ውኃው ይገባል። እጁን በማእዘኑ ካስማ ላይ ያኖራል። ጎረቤቶቹ በጀልባዎቻቸው ዙሪያውን ይቆማሉ። የቤተሰቡ ታላቅ ሦስት ጊዜ «ምን አስገደደህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱም ሁሉም እየሰሙ ይመልሳል። አያትህ የወንድሙን ድርሻ የገዛው እንዲህ ነው። እኔም ድርሻህን የምሸጥልህ እንዲህ ነው፤ በሌላ መንገድ አልችልም።

በጁን ባሕሩ ይዘጋል። አጥሩን ነቅለን በየማእዘኑ ካስማ የዘንባባ ገመድ እንቋጥራለን፤ ዓሣው እንዲራባ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ባለቤቱም ቢሆን አያጠምድም። መሸጥ ከፈለግህ ከዚያ በፊት ና።

ይህም ደብዳቤህ የሰኞ ነው።

አጎትህ ቡበከር


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ሜይ 9 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ

በባሕሩ መዝጊያ ሰሞን እመጣለሁ።

ሙንዚር


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ጁላይ 4 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም።

ከተመለስኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነኝ። በዓይንዎ ያዩትን መልሼ ለእርስዎ መጻፌ ትርጉም የለሽ ሊመስል ይችላል። ሆኖም እርስዎ ያዩት ከውጭ ያለውን ነው፤ የቀረውን በወረቀት ማስፈር ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ውኃው ስገባ መልሴ የተዘጋጀ ነበር። «በሽታ ነው» እላለሁ፤ ሦስት ጊዜ እላለሁ። በመርከቡ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስለማመደው ነበር። ሱሪዬን ጠቅልዬ ካልሲዬን ግን ሳላወልቅ ገባሁ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የባሕር እሾህ ውስጥ እግሬን ወጋኝ። ዓማር ከጀልባው ላይ ሆኖ «የካዛብላንካው ሙሽራ መጣ! ካልሲውን እንዳታረጥቡበት!» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እጄን በካስማው ላይ ሳኖር ሳቁ ቆመ።

«ምን አስገደደህ?» አሉኝ።

«በሽታ ነው» አልኩ።

«ምን አስገደደህ?»

አውራ ጣቴ አባቴ በካስማው ላይ በቢላዋ የቀረጸውን ምልክት ነካ። ውኃው ሃያ ዓመት ሙሉ አልሸረሸረውም። ጣቴን እዚያው አቆየሁ። እርስዎም ጊዜ ሰጡኝ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማንም መቅዘፊያ እንዳልተንቀሳቀሰ አስታውሳለሁ።

«ምን አስገደደህ?»

«ፈረስ ነው» አልኩ።

ከኋላ አንዱ «በባሕር መካከል ምን ፈረስ አለ?» ብሎ ሳቀ። የተከተለው አልነበረም።

«እሁድ እሁድ በፈረስ እወራረዳለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። የቤት ኪራዩ ውሸት ነው። ኩላሊቱ ውሸት ነው። የአክስቴ አምባር ያለቀው በአንድ እሁድ፣ በሦስተኛው ሩጫ ላይ ነው።»

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለእርስዎ ሳይሆን ለካስማው ነበር፤ ቀና ብዬ ፊትዎን አላየሁም።

አጎቴ፣ ስለ ውርርድ የማላውቀው ነገር የለም። ተወራራጅ በረጅሙ እንደሚከስር በዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ማረጋገጫውን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሰባት መስመር እጽፈው ነበር። ያ ዕውቀት እሁድ ከእኔ ጋር ወደ ቡና ቤቱ ይገባል፤ ከጎኔ ይቀመጣል፤ አንድ ቃል አይናገርም። አስተናጋጁ ብራሂም «ፕሮፌሰር፣ ዛሬ ማንን አሰላህ?» ይለኛል። ስም እጠራለሁ። ፈረሱ ይሸነፋል። ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውንም በትክክል ማስፈር ይገባኛል። ዓማር መቅዘፊያውን ጀልባው ውስጥ አጋደመና እንዲህ አለ፤ «ይህን ማእዘን ሠላሳ ዓመት ስመኘው ኖሬአለሁ። ትኩሳት ከያዘው ሰው ግን ባሕር አልገዛም። ነገ ሲበርድለት ፊቱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ርስቴ የዳነው በዚህ ነው። የእኔ ቁርጥ ሐሳብ አላዳነውም፤ ያዳነው የገዢው ይሉኝታ ነው። ይህን እንዳይረሱልኝ እፈልጋለሁ።

ማእዘኑን «ዝጉት» ማለቴ ግን ከእኔ የመጣ ነው። ቋጠሮው በሴፕቴምበርም እንዳይፈታ፣ ክፈቱልኝ ብዬ ብለምን እንኳ እንዳትሰሙኝ ነገርኳችሁ። «እስከ መቼ?» አሉኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ መመለስ ሙያዬ ነው፤ ደመወዝ የማገኝበት ነው። «አላውቅም» አልኩ።

አክስቴን ሳልሰናበት በመሄዴ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በር ላይ ቆመው እንደነበር አይቻለሁ።

ሙንዚር


ከርከና፣ ጁላይ 28 ቀን 1994

ለወንድሜ ልጅ ለሙንዚር

ሰላም ለአንተ ይሁን። አላህ የጀመርከውን ያስፈጽምህ።

አንተ በውኃ ውስጥ ቆመህ ተናግረሃል፤ እኔ በደረቅ መሬት ተቀምጬ ልጽፍ ነው፤ የእኔ ይቀላል። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሬ ጠርጥሬ ነበር፤ ከሁለተኛው በኋላ አወቅሁ። በስፋክስ ወደብ ቡና ቤት ሰኞ ጠዋት ጋዜጣ ከኋላ ገጹ፣ ከፈረስ ሩጫው ውጤት፣ የሚጀምሩ ሰዎች አሉ፤ ፊታቸውን አውቀዋለሁ። ደብዳቤህ ያ ፊት ነበረው። እያወቅሁ የሩቂያን አምባር ሸጬ ላክሁልህ። ብጠይቅህ ትነግረኝ ነበር፤ ከነገርከኝ ደግሞ መስማት ሊኖርብኝ ነው። የወንድሜ ልጅ ቁማርተኛ ነው ከሚባል የወንድሜ ልጅ ኩላሊቱን ታመመ ቢባል መረጥኩ። ከአንተ ቁስል የእኔን ስም አስቀደምኩ። ይህን ለሩቂያ ነግሬአታለሁ። ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ማእዘንህ እንደተዘጋ ይቆያል። በአንተ ማእዘን ያለው የአጥሩ ክንፍ ከሌለ ዓሣው ወደ እኛ ክፍል የሚገባው በግማሽ ነው፤ ይህን የምነግርህ እንድታውቀው እንጂ እንድትጸጸት አይደለም።

በምትኩ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። ሰኞ ሰኞ ጻፍልኝ፤ ገንዘብ ስትጠይቅ ሰኞን ዘንግተህ አታውቅም። ሰላምታ አትደርድር። ሄድኩ ወይም አልሄድኩም በል፤ ይበቃኛል።

አጎትህ


ሰኞ፣ ኦገስት 15

ትናንት አልሄድኩም።


ሰኞ፣ ኦገስት 22

ትናንት ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ይህ በየትኛው ወገን እንደሚመዘገብ እርስዎ ይፍረዱ።


ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

ትናንት ሄድኩ፤ ገባሁም። ያለፈው ሰኞ ያልጻፍኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 1994

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎና አክስቴ እንደምን ከርማችኋል? እኔ እጅግ ደህና ነኝ።

ድርጅቱ ለትጋቴ ጉርሻ ሰጥቶኛል። ማእዘኔ በመዘጋቱ የደረሰባችሁን ጉዳት ለመካስ፣ ለአክስቴም አምባር መግዣ እንዲሆን ገንዘብ ልኬአለሁ። ሙሉ በሙሉ እንዲቀበሉኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ልጅዎ ሙንዚር


ከርከና፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1994

ለወንድሜ ልጅ

ሰላምታ አትደርድር ብዬህ ነበር። ሦስት መስመር ሰላምታ ሳይ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

በዝግ ወቅት መረብ ውስጥ የተገኘ ዓሣ ምን ይደረጋል? ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሰው አየም አላየም፣ ወደ ባሕሩ ይመለሳል እንጂ አይበላም። ዓማር እንኳ፣ ያ ሆዳም፣ ይመልሳል። ገንዘብህን መልሼ ልኬአለሁ። ሩቂያም «በእጄ ላይ ፈረስ አላስርም» ብላለች።

አጎትህ


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1994

አጎቴ፣

ልክ ነበሩ። ጉርሻ አልነበረም፤ አሸንፌ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን አሸንፌ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ርካሽ ሆኜ አላውቅም። ለአክስቴ አምባር መግዛት ስችል ነገሩ ሁሉ የሚስተካከል መሰለኝ።

የመለሱልኝ ገንዘብ በደረሰኝ የመጀመሪያው እሁድ አለቀ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ከእንግዲህ ግን ምንም ምክንያት ቢኖር ገንዘብ በእጄ አያኑሩ።

ባለፈው ሳምንት ብራሂምን ለብቻው ጠርቼ «እሁድ ብመጣ አታስገባኝ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ፕሮፌሰር፣ እኔ አስተናጋጅ ነኝ እንጂ ዘበኛ አይደለሁም። ባለቤቱ ቢሰማ ከሥራ ያባርረኛል» አለ። ትናንት እግሬ እንደለመደው ወሰደኝ። ብራሂም ሲያየኝ ወንበር ጎትቶ በሩ መካከል አቆመና ተቀመጠበት። «ሞልቷል፤ ቦታ የለም» አለኝ። ከትከሻው በላይ አየሁ፤ ቤቱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከውስጥ አንዱ «ብራሂም፣ ቡናችንስ?» ብሎ ጮኸ። ብራሂም አልተነሣም፤ እኔም አልሄድኩም። ለምን ያህል ጊዜ እንደተፋጠጥን አላውቅም። በመጨረሻ «ሰዎች እያዩን ነው፣ ፕሮፌሰር» አለኝ ዝግ ብሎ። በዚህ አፍሬ ተመለስኩ።

ትናንት አልተወራረድኩም።

ሙንዚር


ካዛብላንካ፣ ሰኞ፣ ኦገስት 28 ቀን 1995

ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ ከአንድ መስመር በላይ ስለምጽፍ ሰላምታው ቢፈቀድልኝ።

ትናንት አልሄድኩም። በየሰኞው እንደጻፍኩልዎ፣ ይህ ሠላሳ ዘጠነኛው እሁድ ነው፤ ከመካከላቸው የመጀመሪያው የእኔ ሳይሆን የወንበሩ ነው። ፍላጎቱ ግን አልሞተም። እሁድ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እጄ ኪሴን ሲፈትሽ አገኘዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤዎ በዚህ ሴፕቴምበር ማእዘኑን እንክፈተው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። ዓማርም «ሙንዚር ራሱ መጥቶ ይትከል» ማለቱን ነግረውኛል፤ ውለታው ከብዶኛል። ጥያቄውን እንደ ሙያዬ መረመርኩት። በእኔ ታሪክ ያለ ሰው የመድን ውል ይግባልኝ ብሎ ቢያመለክት ማመልከቻውን አልቀበለውም። ስለዚህ ቋጠሮው ለአንድ ተጨማሪ ዓመት ቢቆይ እመርጣለሁ። የእኔ ፈቃድ ብቻውን የሚይዘኝ አይመስለኝም፤ የሚይዘኝ ያ ገመድ ነው። እሁድ ሲከብደኝ ካስማው ላይ ታስሮ በዓይነ ልቦናዬ አየዋለሁ።

በዚህ ምክንያት ገበታችሁ ለሁለተኛ ዓመት እንደሚጎድል አውቃለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው በእፍረት ነው።

ሙንዚር


ከርከና፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1995

ለወንድሜ ልጅ ለሙንዚር

ወአለይኩም ሰላም። አላህ እሁድህን ያሳጥርልህ።

የደበቅሁህ ነገር አለ። ቋጠሮው የለም።

በጃንዋሪ ማዕበል ገመዱ ተበጥሶ ሄደ። መጀመሪያ ያየው ዓማር ነው። እየቀዘፈ መጣና «የልጅህ ቋጠሮ ተበጥሷል፤ አዲስ ልቋጥርለት?» አለኝ። እኔም ቋጥርለት ልለው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «እስቲ ተወው» አልኩት። ዓማርም «ታዲያ ማንም የማይጠብቀው ማእዘን ሆኖ ሊቀር ነው?» አለና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ መረብ የጣለ የለም። የጎረቤቶቻችን ሰባቱም ጀልባዎች ዞረው ያልፋሉ፤ ዓማር ደግሞ ከሁሉም ርቆ ይዞራል፤ ሌባ እንዳልባል ነው ይላል።

አንተም ካዛብላንካ ተቀምጠህ ስምንት ወር ሙሉ የሌለ ገመድ ስታከብር ከረምክ።

ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው። ገመዱ መበጠሱን ካወቅህ አንተም ትበጠሳለህ ብዬ ሰጋሁ። በአንተ አለማመኔ ነው። ይቅር በለኝ።

አሁን የምትለውን አንተ ታውቃለህ። ቋጥሩልኝ ካልክ ዛሬውኑ ዓማርን እልከዋለሁ። ካላልክ ግን በሴፕቴምበር ሃያ አራት ዘንባባውን እንተክላለን፤ ያንን ማእዘን እኔም አልተክለውም፣ ዓማርም አይተክለውም። አንተ ካልመጣህ ባዶውን ይቆማል።

ሩቂያ «ሲመጣ እጄን እያየ እንዳይሳቀቅ ንገረው» ብላለች፤ ባዶነቱን ለምዳዋለች።

አሮጌ ጫማ ይዘህ ና። ካልሲ አይበቃም።

አጎትህ ቡበከር